የመጨረሻዋ አኃዝ፦ የካይ-ስኩዌር ፈተና በዱቄት ሚዛን መዝገብ ላይ

በጥራት ቁጥጥር ትምህርት የካይ-ስኩዌር የተስማሚነት ፈተና ዘወትር የሚቀርበው የምርቱ ክብደት ወይም ርዝመት ኖርማል ስርጭትን ይከተል እንደሆነ ለመመርመር ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ መረጃ ፍለጋ በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ወደሚገኝ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ስሄድ የእኔም ዕቅድ ይኸው ነበር። የሃምሳ ኪሎ ጆንያዎች የሚመዘገቡበትን መዝገብ ሳገላብጥ ግን ዓይኔ ሌላ ነገር ላይ ዐረፈ፦ 50.00፣ 50.05፣ 49.95፣ 50.10። የመጨረሻዋ አኃዝ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ዜሮ ወይ አምስት ነበረች።

ነገሩ ለአገራችን የስታቲስቲክስ ተማሪ እንግዳ አይደለም። በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. በተካሄዱት የሕዝብና ቤት ቆጠራዎች የተመዘገቡት ዕድሜዎች በዜሮና በአምስት በሚያልቁ ቁጥሮች ላይ ተከማችተው ይታያሉ፤ «ወደ አርባው ይጠጋኛል» ያለ ሰው አርባ ተብሎ ይጻፋል።

የጆንያዎቹ ክብደት በብዙ መቶ ግራም የሚበታተን እስከሆነ ድረስ የመጨረሻዋ አኃዝ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ለማንኛውም ሳታዳላ መውጣት አለባት። 500 ንባቦች ቢኖሩን እያንዳንዱ አኃዝ 50 ጊዜ ይጠበቃል። ለምሳሌ ያህል ዜሮ 81 ጊዜ፣ አምስት ደግሞ 74 ጊዜ ቢመዘገቡ፣ ሁለቱ ብቻቸውን ለካይ-ስኩዌሩ ድምር 30.74 ያዋጣሉ። በ9 የነጻነት ዲግሪና በ5 በመቶ የጉልህነት ደረጃ ወሰኑ 16.92 ስለሆነ ሌሎቹን ስምንት አኃዞች መደመር እንኳ አያስፈልግም። እዚህ ላይ ከመረጃው የተገመተ መለኪያ ስለሌለ ከ10 የሚቀነሰው 1 ብቻ ነው። ኖርማል ስርጭትን ስንፈትን ግን አማካዩንና ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን ከዚያው መረጃ ስለምንገምት ሁለት ተጨማሪ ዲግሪዎች ይቀነሳሉ። ካርል ፒርሰን ፈተናውን እ.ኤ.አ. በ1900 ሲያቀርብ ይህን ቅነሳ በአግባቡ አላስገባም፤ በ1922 ያረመው ሮናልድ ፊሸር ነው።

ያንኑ መዝገብ በ200 ግራም ስፋት መድቦ ከኖርማል ስርጭት ጋር ለሚያነጻጽር ሰው ይህ ሁሉ ሊሰወርበት ይችላል። ሰፊ ምድብ ማጠጋጋትን ይውጣል፤ ውጤቱም «ተስማሚ ነው» ይሆናል። ስለዚህ ማሽኑን ከመፈተን በፊት መዝገቡን መፈተን ይቀድማል ባይ ነኝ።

ውጤቱን ያየ አንድ ኃላፊ የመጀመሪያ ጥያቄው «ማን ነው?» የሚል ነበር። ጥያቄው አስፈራኝ። ካይ-ስኩዌር ቁጥሮቹ ከተጠበቀው መራቃቸውን ይናገራል እንጂ የራቁበትን ምክንያትም ሆነ የጻፋቸውን እጅ አያውቅም፤ በዚያች አንዲት ቁጥር ምክንያት ግን የሰው እንጀራ ሊቋረጥ ይችላል። ስም ከመጠራቱ በፊት ሚዛኖቹን ልይ ብዬ ጠየቅሁ።

ሚዛኖቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው በ10 ግራም እርከን ያነባል፤ ሁለተኛው በ50። በሁለተኛው የመዘነ ሠራተኛ ምንም ያህል ታማኝ ቢሆን ከዜሮና ከአምስት ሌላ የሚጽፈው አኃዝ የለውም! መዝገቡ የሁለቱን ንባብ ቀላቅሎ ይዟል፤ የትኛው ጆንያ በየትኛው ሚዛን እንደተመዘነ የሚገልጽ ዓምድ ግን አልነበረውም። በየፈረቃው የትኛው ሚዛን ይሠራ እንደነበር እየጠየቅሁ ከለየኋቸው በኋላ በባለ 10 ግራሙ ላይ ያለው ክምችት እጅግ ቀነሰ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም።

በዚያ ሚዛን ላይ ብዙ ዘመን የሠሩትን አዛውንት «ጋሼ፣ ዜሮና አምስት ለምን በዛ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ወፍጮው ሲነሳ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ቁጥሩም አይቆምልኝ። አርባ ሦስት ይላል፣ አርባ ሰባት ይላል። አርባ አምስት ብዬ እጽፋለሁ።»

በማግስቱ ወፍጮው በቆመበት ሰዓት የተሞሉ ጆንያዎችን አብረን መዘንን። አኃዞቹ ተበታተኑ። ለፋብሪካው ባቀረብሁት ማስታወሻ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቅሁ፦ በመዝገቡ ላይ የሚዛን መለያ ዓምድ እንዲጨመር፣ ሚዛኑም ከወፍጮው ወለል ተነጥሎ በራሱ መሠረት ላይ እንዲቀመጥ።