ገዛና

ፊልሙን ያየነው በሁለት ሌሊት ነው። ዘመኑ 2001 ዓ.ም. ነበር፤ መብራት በፈረቃ የሚታደልበት ክረምት። እኔ ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ ሸጎሌ፣ ከከብት ገበያው ብዙም በማይርቀው ግቢያችን ከአጎቴ ዘንድ ከርሜአለሁ። ጋሼ ቀኑን ከበሬ ሻጭና ከገዢ መካከል ቆመው ሲያደራድሩ ውለው፣ ማታ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ይገባሉ። ስለ ድለላ እንጂ ስለ ጦር ሜዳ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ወታደር እንደነበሩ የምናውቀው በክንዳቸው ባለው ጠባሳ ብቻ ነበር።

ከሠፈሩ ፊልም አከራይ ያመጣሁት ዲስክ «ከኢዎ ጂማ የተላኩ ደብዳቤዎች» የሚባለው ነው። ክሊንት ኢስትውድ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2006 የሠራው፣ ከዳር እስከ ዳር ማለት ይቻላል በጃፓንኛ የሚነገር ፊልም። ያው ሰው በዚያው ዓመት ስለዚያው ውጊያ ከአሜሪካኖቹ ወገን ሆኖ ሌላ ፊልም ሠርቷል፤ ይኼኛውን ግን ካሜራውን ይዞ ጠላት ዋሻ ውስጥ ገብቶ፣ የገዛ አገሩን መርከቦች ከዋሻው አፍ ሆኖ አሳየን። ውጊያው የተካሄደው እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 19 እስከ ማርች 26 ቀን 1945 ነው። ደሴቲቱን ይጠብቁ ከነበሩት ሃያ ሺሕ ከሚያህሉ ጃፓናውያን ሁሉም ለማለት የሚያስደፍር ቁጥር እዚያው አለቀ፤ ከአሜሪካኖቹ ወደ ሰባት ሺሕ የሚጠጉ ሞቱ።

ጋሼ እንግሊዝኛ አያነቡም። ስለዚህ ወታደሮቹ በጃፓንኛ ይናገራሉ፣ ከሥር በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ እኔ ያንን በአማርኛ እላለሁ። ሥራዬ ያንን ያህል ነበር።

አንድ ነገር ላስገባ። ከፒያሳ ወደ እኛ ሠፈር የሚመጣ ሰው በየቀኑ «ዊንጌት! ዊንጌት!» ሲባል ይሰማል። ያ እንግሊዛዊ ሹም በ1933 ዓ.ም. በጎጃም በኩል ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ገባ፤ ከዚያም ወደ በርማ ተሻግሮ ከጃፓኖች ጋር ሲዋጋ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1944 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በስሙ የተሠራው ትምህርት ቤት ጎረቤታችን ነው። ኢትዮጵያም ብትሆን በ1935 ዓ.ም. ታኅሣሥ በጀርመንና በጣሊያን ላይ ጦርነት ስታውጅ ጃፓንን ጨምራለች። እንግዲህ በወጉ ከተቆጠረ፣ እነዚያ ዋሻ ውስጥ ውኃ አጥተው የሚሰቃዩት ልጆች የእኛም ጠላቶች ነበሩ። ይህንን ለጋሼ ብነግራቸው ሳቁ። «ሳናያቸው?» አሉ።

በመጀመሪያው ሌሊት የጃፓን ወታደሮች ከተራራው ሥር በዋሻ ተከበው፣ አንድ በአንድ ቦምብ በደረታቸው ላይ ሲያፈነዱ አይተን መብራት ሄደ። ጋሼ ምንም ሳይናገሩ ተኙ። በማግሥቱ ቀጠልን። የቆሰለ አሜሪካዊ ይማረካል፤ እ.ኤ.አ. በ1932 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ በፈረስ ዝላይ ወርቅ ያገኘው ባሮን ኒሺ ቁስሉ እንዲታከም ያዝዛል፤ ልጁ ይሞታል። በእጁ የእናቱ ደብዳቤ አለ። ኒሺ እንግሊዝኛ ያውቃልና ለወታደሮቹ በጃፓንኛ እየተረጎመ ያነብላቸዋል። ውሾቹ በአጥር ሥር ቆፍረው እንደወጡ፣ በደኅና ተመለስ እንደምትል፤ የሁሉም እናት የምትጽፈው ነው። ወታደሮቹ አንድ በአንድ ተነሥተው ይቆማሉ።

እኔም ያንን እየተረጎምሁ ሳለ ጋሼ «አቁመው» አሉኝ።

ተነሡና ከራስጌያቸው ዳዊታቸውን አምጥተው ከውስጡ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ከደብተር የተቀደደ፣ በእርሳስ የተጻፈ፣ እጥፋቱ ላይ የተበላ። በየካቲት 1991 ዓ.ም.፣ በዘመቻ ፀሐይ ግባት የባድመ ምሽግ በተሰበረ ጊዜ፣ ከአንድ የኤርትራ ወታደር ኪስ ያገኙት ነው። ልጁ ለእናቱ ጽፎ ያልላከው። «እኔ ልግደለው ሌላ ሰው፣ አላውቅም። ስደርስ ወድቆ ነበር» አሉኝ። የተገኘ ወረቀት ሁሉ ለአለቃ መሰጠት ነበረበት፤ እሳቸው ደበቁት። ደብቀው በመያዛቸውም ትግርኛ ለሚያውቅ ጓደኛ ማሳየት አልቻሉም፤ ከጦር ሜዳ ከተመለሱ በኋላ ደግሞ ለማን ያሳዩት? በግቢያችን አስመራ የተወለዱ እትዬ ነበሩ፤ በበዓል ሕምባሻቸውን እየቆረሱ የሚያድሉን። እሳቸውን በ1990 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት መጥተው ከነልጆቻቸው ወስደዋቸዋል። ደብዳቤውን ሊያነቡልን ይችሉ የነበሩትን ሰው ያባረርነው ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት ነው።

እዚህ ላይ ከፊልሙ የምንለይበትን ነገር ልናገር። ጃፓኖቹ የአሜሪካዊውን ደብዳቤ ይዘው ባሮን ባይኖር ኖሮ ወረቀቱ ጭረት ብቻ ሆኖባቸው ይቀር ነበር። ጋሼ ግን የጠላታቸውን ደብዳቤ ያነቡታል። ፊደሉ የእኛው ነው! ድምፁን እያወጡ፣ እንደ ዳዊት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዘልቁታል፤ የሚደናቀፉት «ቕ» ላይ ብቻ ነው፤ «ቆብ የደፋው ቀ» ይሉታል። «ኣደይ» እናቴ መሆኑን፣ «ማይ» ውኃ መሆኑን ምሽግ ሳሉ ለምደውታል። «ናፊቐኪ» የሚለው አስተርጓሚ አያሻውም። የቀረውን በልባቸው ሞልተውታል። አንድ ቦታ ላይ «ገዛና» ይላል። ጋሼ ይህንን በአማርኛ ነው ያነበቡት፦ አንድ ነገር ገዛና… ልጁ ለእናቱ ምን እንደገዛላት ለዐሥር ዓመት ሲያስቡ ኖረዋል። ነጠላ ነው ብለው ወስነዋል።

መስከረም ላይ ወደ ትምህርቴ ስመለስ፣ የመኝታ ክፍል ባልደረባዬ የአድዋ ልጅ ነበርና፣ ምክንያቱን ሳልነግረው ቃሉን ጠየቅሁት። «ቤታችን ማለት ነው» አለኝ። ልጁ ስለ ቤታቸው እየጠየቀ ኖሯል። ለጋሼ በስልክ ብነግራቸው ዝም አሉ፤ ቆየት ብለው «ነጠላው የለማ» አሉ።

ፊልሙን ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ቅሬታም አለኝ። አዛዡ ኩሪባያሺና ባሮን ኒሺ የተወደዱልን አሜሪካን ስለሚያውቁ፣ ስለ ሠለጠኑ፣ ስለሚራሩ ነው፤ ጠላት እንዲለቀስለት አስቀድሞ ጨዋ መሆን ያለበት ይመስላል። የጃፓን ጦር በቻይና የሠራው ግፍ አይነሣም። ለእኔ የበለጠው ሳይጎ የተባለው ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ጀግናም አይደል፣ ክፉም አይደል፣ እርጉዝ ሚስቱ ዘንድ መመለስ ብቻ የሚፈልግ። ደብዳቤዎቹን አቃጥል ሲባል በዋሻው ወለል የሚቀብራቸውም እሱ ነው። ጋሼ ያንን ሌሊት ፊልሙ እስኪያልቅ አልጠበቁም ነበር፤ ጠዋት ግን ጫማቸውን እያሰሩ «ዳቦ ጋጋሪው ተረፈ?» ብለው ጠየቁኝ። ተርፏል አልኳቸው።

በወረቀቱ ጀርባ የእናትየው ስም ተጽፏል፤ ከሥሩ «ከረን» ይላል። ስማቸውን እዚህ አላኖረውም። በ2010 ዓ.ም. ሰላም ሲወርድ፣ ስልኩ ሲከፈት፣ ሐምሌ ላይ አውሮፕላኑ አስመራ ሲያርፍ፣ ሰዉ የማያውቀውን ቁጥር ሳይቀር እየደወለ ሲያለቅስ፣ እኔ «ጋሼ፣ እንላከው፤ የሚሄድ ሰው አለ» አልኩ። ቆይ አሉ። የከለከላቸው እንዲህ የሚል ነገር ነው፦ «ማን ኪሱን ፈተሸ ቢሉኝስ? የሚያውቁት የት እንደወደቀ እንኳ ላይሆን ይችላል። ምናልባት ይመለሳል ብለው ይሆናል።» መልስ አልነበረኝም። ገና ይለፍ ተባለ፤ ፋሲካ ይለፍ ተባለ። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ በሰሜን ሌላ ጦርነት ተነሣ፤ ያ የክፍል ባልደረባዬ ለወራት ስልኩ አይጠራም ነበር፤ ስለ ደብዳቤው ማንሣት ተውን። በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ የአስመራው በረራ ተቋረጠ። በሩ ስድስት ዓመት ተከፍቶ ነበር፤ እኛ ከውስጥ ቆመን ስንመካከር አለፈ። ጋሼን አልወቅሳቸውም። እኔም በድብቅ ፎቶግራፍ አንሥቼ መላክ እችል ነበር።

ዘንድሮ ዓይናቸው ደክሟል፤ እርሳሱም እየጠፋ ነው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አዲስ ደብተርና እስክሪብቶ ሰጡኝና «ገልብጥልኝ፤ ሳይጠፋ» አሉ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ፣ ከበረት የሚመለሱ በሬዎች በመንገዱ እየተጋፉ ሲያልፉ፣ ፊደል በፊደል ገለበጥሁት። «ኣነ» ብዬ ጻፍሁ፤ እኔ ማለት ነው። ቆብ የደፋውን ቀ ሳይቀር ጻፍሁ። «ገዛና» ላይ ስደርስ ጋሼ ከኋላዬ ቆመው ነበር። መጨረሻው መስመር እጥፋቱ ላይ ስለሆነ ሁለት ቃል አይታይም። ምን እንጻፍ ብዬ ዞሬ ባያቸው፣ «ቦታውን ተውለት» አሉኝ። ተውሁለት።