ቡናውና ክኒኑ

ባለፈው የቡና ለቀማ ሰሞን የቡ ላይ አንዲት እናታችንን ልንጠይቅ ሄድን። በረካው ሲቀዳ፣ «የስኳር ክኒኔን ትቻለሁ፤ ቡና መድኃኒት ነው ብላችሁ ሰብካችሁ የለ?» አሉን። ደነገጥን። እውነትም ብለን ነበር።

ነገሩን ከመሬት ተነሥተን አላወራነውም። አዘውትረው ቡና የሚጠጡ ሰዎች በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው አነስ እንደሚል ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ቡና ውስጥ ያለው ክሎሮጀኒክ አሲድ አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ከ1000 በላይ ጥናቶችን መርምሮ፣ ቡና ጠጪዎች ላይ የጉበት ካንሰር ቀነስ ብሎ መታየቱን ገልጿል። ከ65 ዲግሪ በላይ የሚፋጅ መጠጥ ግን ለምግብ ቧንቧ ካንሰር ሳያጋልጥ እንደማይቀር አስጠንቅቋል።

ሆኖም ያልመጣን በሽታ ማራቅ ሌላ፣ የመጣን ማከም ሌላ ነው። እኛ ይህን ሳንለይ ሰበክን።

ሕዝቅያስ ታምሞ ሲጸልይ እግዚአብሔር ሰማው፤ ኢሳይያስም በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግ አዘዘ (2ኛ ነገሥት 20)። ጸሎትና መድኃኒት አልተጣሉም።

እናታችንን ይቅርታ ጠየቅን፤ በማግስቱም ጤና ጣቢያ አደረስናቸው። እሑድ በጉባኤው ፊት ስሕተታችንን ተናገርን።

ወገኖች፣ ቡናውን ቀዝቀዝ ሲል አመስግናችሁ ጠጡ። ክኒኑንም አመስግናችሁ ዋጡ። የሁለቱም ሰጪ አንድ ነው።