አባት በሩቅ ባለበት ቤት የእጅ ስልክ

የወታደር ቤት ከሌላው ቤት የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የአባት ድምፅ ከበር ሳይሆን ከስልክ መሰማቱ ነው። ባለቤቴ በአገር ቤት በግዳጅ ላይ ናቸው፤ እኔ ደግሞ በጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሠፈር፣ እንጀራ እየጋገርሁ ልጆቼን አሳድጋለሁ። የዚህን ጋዜጣ የቤተሰብ ዓምድ እንኳ የማነበው እርሳቸው ገጹን በስልክ ፎቶግራፍ አንሥተው ሲልኩልኝ ነው። እንግዲህ ስልክን ልረግም አልተነሣሁም። አውስትራሊያ ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በማኅበራዊ መገናኛዎች ላይ መዝገብ እንዳይኖራቸው የሚከለክል ሕግ በ2018 ዓ.ም. ሥራ ላይ አውላለች፤ መልካም ይሆናል። በእኛ ቤት ግን ስልክ የሌለው ልጅ አባት እንደሌለው ይቈጠራል፤ ስለዚህ ነገሩን በሌላ መንገድ ማሰብ ግድ ይለናል።

ካርቲየ ሰባትን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከድሬዳዋ በኩል የሚመጣው ጫት በቀትር ላይ ከደረሰ በኋላ መንገዱ ጭር ይላል፤ ታላላቆቹ ወደየመቃሚያቸው ሲገቡ፣ ልጆች በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከማራገቢያው ፊት ተጋድመው ስልክ ይይዛሉ። ከጎረቤት ጋር በሶማልኛ፣ በትምህርት ቤት በፈረንሳይኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ይናገራሉ። አብዛኞቻችን እናቶች ፈረንሳይኛ ማንበብ ስለማንችል ልጆቻችን ከሚያነቡት ግማሹ ለእኛ የተዘጋ ነው።

ከጋብቻዬ በፊት አስተማሪ ስለ ነበርሁ፣ በሳምንት ሁለት ምሽት የሠፈሩን ልጆች በግቢዬ ሰብስቤ አማርኛ አስጽፋቸዋለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ምሽት «ለአባታችሁ ደብዳቤ ጻፉ» ብዬ አዘዝኋቸው። አንዱ ጫማ እንዲላክለት ጻፈ፤ ሌላዋ ማርኳን ዘረዘረች። ስሟን የማልጠቅሳት፣ እንደ እኔ ልጆች ሁሉ የወታደር ልጅ የሆነች የ13 ዓመት ልጅ ግን አራት መስመር ብቻ ጻፈች። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «አባዬ፣ ከማታውቀው ሰው ፎቶ ቢመጣልህ አትክፈተው። ሳትከፍት አጥፋው።»

ሌሎቹን አሰናብቼ እርሷን አስቀረኋት። ውኃ ሰጠኋትና ምንም ሳልጠይቃት ሊጤን ማቡካት ጀመርሁ። ዐይን ለዐይን ሲተያዩ የማይወጣ ነገር፣ እጅ ሥራ ላይ ሲሆን አንዳንድ ጊዜ ይወጣል። ወጣም።

በአንድ የስልክ ጨዋታ ላይ «የ14 ዓመት ልጅ ነኝ፤ ድሬዳዋ ነው የምኖረው» ያለች ጓደኛ አገኘች። አንድ ወር ያህል ስለ ትምህርትና ስለ ዘፈን ተጨዋወቱ። ያቺ ጓደኛ በመጀመሪያ የደንብ ልብስ ለብሳ የተነሣችውን ፎቶግራፍ ለመነች፤ ቀጥሎ ከልጅ ሊጠየቅ የማይገባውን ዓይነት። ፎቶግራፉ በእጇ እንደ ገባ ቋንቋዋ ተለወጠ፤ ከበስተጀርባው የነበረው ጎልማሳ ወንድ ታየ። ሌላ ፎቶግራፍና ገንዘብ አምጪ፤ አለበለዚያ ለአባትሽና ለጓዶቹ ሁሉ እልካለሁ አላት። አባቷ ወታደር መሆናቸውን ከየት ዐወቀ? ከራሷ ገጽ ላይ ነው፤ አባቷ የወታደር ልብሳቸውን ለብሰው እርሷን አቅፈው የተነሡት ፎቶግራፍ፣ ከሥሩ ሙሉ ስማቸውና ክፍላቸው ተጽፎበት፣ ለማንም ክፍት ሆኖ ተቀምጧል። ከእናቷ ቦርሳ ያነሣችውን ሁለት ሺሕ ፍራንክ እንዴት እንደምትልከው ሳታውቅ በደብተሯ ሽፋን ውስጥ አጥፋ ይዛው ነበር።

እናቷ ነገሩን ስትሰማ ስልኩን ከልጅቱ እጅ ነጥቃ ከምድጃዬ ድንጋይ ጋር ልትፈጠፍጠው አነሣችው። እጇን ያዝሁ። «እትዬ፣ ይልቀቁኝ! ይህ ዕቃ ነው ልጄን ያበላሸብኝ» አለች። የማንኛችንም የመጀመሪያ ስሜት ይኸው ነው። ነገር ግን የሰውየው ስም፣ የጻፈበት ቀንና ሰዓት፣ የዛተበት ቃል ሁሉ ያለው በዚያ ስልክ ውስጥ ነው፤ ስልኩ ከተሰበረ ወይም መልእክቱ ከጠፋ ለክስ የሚቀርብ ማስረጃ የለም። ደግሞም ዘመድ «እስቲ ላኩልኝና ልየው» ሲል እሺ ማለት አይገባም፤ የልጅ ፎቶግራፍ በቅን ልብ እንኳ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ጉዳቱን ያበዛል፣ በሕግም ያስጠይቃል። የዛቻውን ጽሑፍና የገጹን ስም እንደ ነበረ ጠብቆ ስልኩን ራሱን ለፖሊስ ማቅረብ ይበቃል።

በዚያው ሌሊት ለአባቷ ደወልን። እናቷ መናገር ስላቃታት እኔ ነገርኋቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ መሥመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ «ልጄን ስጡኝ» አሉ። እኛም እንድንሰማ ድምፁ ክፍት ነበር። «ስንት ቀን ብቻሽን ያዝሽው?» ብለው ጠየቋት። «አሥራ ሰባት ቀን» አለች። «አሥራ ሰባት ቀን ያለ ተረኛ ዘብ ቆምሽ ማለት ነው። አሁን እኔ ተቀብዬሻለሁ፤ ሂጂና ተኚ።» ስለ ፎቶግራፉ አንዲት ቃል አልጠየቋትም። የሰውየው መሣሪያ የአባት ቁጣ ስለ ነበር፣ ቁጣው ሳይመጣ ሲቀር በእጁ የቀረለት ነገር አልነበረም።

ሕጉ ምን ይላል? የኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 12 ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ የሚታይበትን የወሲብ ምስል ያዘጋጀ፣ ያሰራጨ ወይም ይዞ የተገኘ ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ይደነግጋል። ልጅን በጽሑፍ፣ በሥዕል ወይም በቪዲዮ ለዚህ ተግባር የሚያግባባ ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዓመት። ልብ በሉ፤ ማግባባቱ ራሱ፣ ገና አንድ ፎቶግራፍ ሳይላክ፣ ወንጀል ነው። ኢትዮጵያና ጅቡቲ ሁለቱም የተባበሩት መንግሥታትን የልጆች መብት ስምምነት የተቀበሉት በ1983 ዓ.ም. ነው፤ በዚያን ጊዜ ኪስ ውስጥ የሚገባ ካሜራ ያለው ስልክ ማንም አላሰበም ነበር። የስምምነቱ ኮሚቴ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 25 እነዚያው መብቶች በበይነ መረብም ላይ እንደሚጸኑ ገልጧል።

ፈረንሳይኛ የምታውቅ ጎረቤት አስከትለን ለፖሊስ አመለከትን። ሰውየው እስከ ዛሬ አልተያዘም፤ ይህን ከአንባቢ አልደብቅም። ገጹ ግን ተዘግቷል። ለፎቶግራፉም አንድ መላ ተገኘ። «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነጻ አገልግሎት አለ፤ የጠፉና የተበዘበዙ ልጆችን የሚረዳ አንድ የአሜሪካ ማዕከል በ2015 ዓ.ም. ያቋቋመው ነው። ፎቶግራፉን ለማንም መላክ አያስፈልግም፤ ስልኩ ራሱ ከምስሉ የጣት አሻራ የመሰለ የቍጥር ምልክት ያወጣና ምልክቱ ብቻ ይላካል። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክን የመሰሉ ተባባሪ ድርጅቶች በዚያ ምልክት ምስሉን ለይተው ያነሡታል። በግል መልእክት በምሥጢር የሚላከውን ግን ሊደርስበት አይችልም። የጎረቤታችን ልጅ፣ የ17 ዓመት ወጣት፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አስመዘገበችልን።

በጦር ሠፈር ላላችሁ ወንድሞቼ አንድ ልመና አለኝ። የወታደር ልብስ ለብሳችሁ ልጆቻችሁን ያቀፋችሁበት ፎቶግራፍ የሚያኮራ ነው፤ ሆኖም ለማያውቁት ሰው የልጁን መልክ፣ የአባቱን ስምና አባት በቤት አለመኖሩን በአንድ ጊዜ ይነግረዋል። ባለቤቴ ይህን ሰምተው የእኛን ከገጻቸው አውርደው በሣጥናቸው ክዳን ላይ ለጥፈውታል።

የልጅቱ ስልክ አሁን ሌሊት በእናቷ መኝታ ዘንድ ያድራል፤ ቀን ግን በእጇ ነው። አባቷ ዓርብ ማታ ሲደውሉ «በዚህ ሳምንት ከማን ጋር ተጫወትሽ?» ይሏታል። ስለ ማርኳ የሚጠይቁት ከዚያ በኋላ ነው።