ለሳተ አንድ ነጥብ

በሩን የከፈትኩት እኔ ነበርኩ። ደጃፉ ላይ አንድ ረጅም ፈረንጅ ሽማግሌ ቆመዋል፤ አንገታቸው ላይ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ የሱፍ ሻርፕ ጠምጥመዋል። «ጤና ይስጥልኝ» አሉኝ በአማርኛ። የአክስቴ ልጅ የወለደችው የዘጠኝ ዓመት ልጅ «ጋሼ መጣ!» እያለ ከጓዳ ሮጦ ወጣ። «መጡ በል!» አለችው እናቱ ከኋላ። ሁለቱም አልሰሟትም።

ሜልበርን ከገባሁ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ወሩ ሐምሌ ነው፤ በእኛም ክረምት፣ በእነሱም ክረምት። ያረፍኩት ከከተማው መሃል በስተምዕራብ ፉትስክሬይ የሚባል ሰፈር ሲሆን፣ የሐበሻ ምግብ ቤትና የቬትናም ሾርባ ቤት ግድግዳ ተጋርተው ይኖሩበታል። ጠዋት ጠዋት የቡና ቁላ ሽታ ከመንገዱ አይጠፋም። ሽማግሌው ወደብ ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ ጎረቤት ናቸው፤ ቤተሰቡ ስማቸውን ትቶ «ጋሼ» ይላቸዋል፣ እሳቸውም ወደውታል። የመጡት እኔን እንግዳውን ፉቲ የሚሉትን የአውስትራሊያ ጨዋታ ሊያሳዩ ነው።

«እግር ኳስ ይሉታል» አለችኝ የአክስቴ ልጅ ኮቴን እያቀበለችኝ፣ «አንተ ግን እግር ኳስ እንዳይመስልህ።»

እኔ ደግሞ እግር ኳስ አውቃለሁ ባይ ነኝ። አዲስ አበባ ስታዲየም ሚስማር ተራና ካታንጋ ተቀምጬ፣ ጊዮርጊስና ቡና ሲገናኙ ድምፄ እስኪዘጋ ጮሄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ፈረንጅ ምን ሊያስተምረኝ ነው ብዬ ተከተልኳቸው።

ባቡሩ ፍሊንደርስ ስትሪት አወረደን፤ ከዚያ የያራን ወንዝ ይዘን በእግራችን ሄድን። የሜልበርኑ ክሪኬት ሜዳ 100,000 ሰው ያህል ይይዛል። ዙሪያውን የጀግኖች ሐውልት ቆሟል። ጋሼ አንዱ ሐውልት ሥር አቆሙኝ። ቶም ዊልስ ይባላል። በ1858 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የክሪኬት ተጫዋቾች በክረምት እንዳይፈዙ የእግር ኳስ ክበብ ይቋቋም ብሎ ለጋዜጣ ጻፈ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ላይ ሁለት ትምህርት ቤቶች በዚሁ መናፈሻ ሲጋጠሙ ከዳኞቹ አንዱ እሱ ነበር። በአንድ ወገን 40 ልጅ ተሰለፈ፤ ከጎል እስከ ጎል ያለው ርቀት 800 ሜትር ያህል ነበር። ጨዋታው በአንድ ቀን አላልቅ ብሎ ወደሚቀጥሉት ቅዳሜዎች ተላለፈ። በመጨረሻም እኩል ለእኩል ወጡ።

በማግስቱ ዓመት፣ በ1859፣ ዊልስና ጥቂት ጓደኞቹ ተቀምጠው ሕጉን በወረቀት አሰፈሩት። ዓለም ሁሉ የሚጫወተውን እግር ኳስ ሕግ ያወጣው የእንግሊዝ ማኅበር የተመሠረተው ከዚህ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ዊልስ ባደገበት ገጠር የነበሩት የአገሩ ባለቤቶች፣ አቦርጂኖቹ፣ ማርንግሩክ የሚሉት ከፖሰም ቆዳ በተሠራ ኳስ የሚጫወቱት ጨዋታ ነበራቸው። የዛሬው ጨዋታ ከዚያ ተወለደ ወይስ አልተወለደም በሚለው የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ ይሟገታሉ። ጋሼ «እኔ እንጃ» ብለው ትከሻቸውን ሰበቁ፤ «ብቻ እኛ ከመምጣታችን በፊት እዚህ ኳስ ይለጋ ነበር።»

ገብተን ተቀመጥን። መጀመሪያ የገረመኝ አቀማመጡ ነው። በግራዬ የእኛ ሰፈር ቡድን ሻርፕ፣ በቀኜ የተቃራኒው። በመሃል ፖሊስም አጥርም የለም። ከፊቴ የተቀመጡት ባልና ሚስት ራሳቸው ለየቅል ደጋፊ ናቸው፤ ድንች ጥብሱን ግን ከአንድ ሳህን ይበላሉ።

ከዚያ ደጋፊዎቹ አንድ ትልቅ የወረቀት መጋረጃ ሜዳው ላይ ወጥረው አቆሙ። በስስ ወረቀት የተሠራ፣ በላዩ ፉከራ የተጻፈበት፣ የሰፈሩ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሲለጣጥፍ የከረመው ነው። ተጫዋቾቹ እየሮጡ መጡና ቀደው በመሃሉ አለፉ። ያ ሁሉ ድካም በሁለት ሴኮንድ ብጥስጥስ አለ። የሠሩት ሰዎች ዘለው አጨበጨቡ። የተሠራው ሊቀደድ ነዋ።

ሜዳው ክብ ሊሆን ሲል የተወ ሞላላ ነው፤ ከጫፍ ጫፍ ከ150 ሜትር ይበልጣል። በአንድ ወገን 18 ሰው፣ ባጠቃላይ 36 ሰው እጀታ በሌለው ማሊያ ይራወጥበታል። ኳሷም ሞላላ ናት፤ መሬት ስትነካ ወዴት እንደምትነጥር የሚያውቅ የለም። በእግር ትለጋለህ። በእጅ መወርወር ክልክል ነው፤ ለጓደኛህ የምታቀብለው በአንድ እጅ ይዘህ በሌላው ቡጢ መትተህ ነው። ኦፍሳይድ የሚባል ነገር አያውቁም። ከ15 ሜትር በላይ የተለጋችን ኳስ መሬት ሳትነካ ከአየር ላይ የቀለበ ሰው «ማርክ» ተብሎ ማንም ሳይነካው የመለጋት መብት ያገኛል። ለዚህ ሲሉ አንዱ የሌላው ትከሻ ላይ በጉልበቱ ወጥቶ ኳሷን ከሰማይ ሲያወርድ አየሁ። ኳስ ይዞ የተጨበጠ ሰው ካልለቀቀ ደግሞ ስታዲየሙ ሁሉ በአንድ ጉሮሮ «ቦል!» ይላል። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ከሁሉም ቀድሞ ነው የሚጮኸው።

ጎሉ ላይ አራት ቋሚ ቆሟል፤ አግዳሚም መረብም የለውም። በመሃለኞቹ ሁለት ቋሚዎች መካከል ከለጋህ ስድስት ነጥብ ታገኛለህ። ስተህ ወደ ጎን፣ በመሃለኛውና በዳረኛው መካከል ካሳለፍክ ደግሞ አንድ ነጥብ። 12 ጊዜ አግብቶ 9 ጊዜ የሳተ ቡድን 81 ነጥብ ይዞ ይወጣል ማለት ነው። ውሳኔው የጎል ዳኛው ነው። ለሙሉ ጎል ሁለት ሌባ ጣቶቹን ቀስሮ ሁለት ባንዲራ ያውለበልባል፤ ለሳተ አንድ ጣት፣ አንድ ባንዲራ። ፊቱ ግን በሁለቱም አንድ ዓይነት ነው፤ ውል የሚያጽፍ ሽማግሌ ይመስላል።

«ለሳተ ነጥብ?» አልኳቸው ጋሼን።

«ለሳተ ሳይሆን ለሞከረ» አሉኝ።

ጨዋታው አራት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ 20 ደቂቃ ነው ቢባልም ሰዓቱ እየቆመ ወደ 30 ይጠጋል። በእረፍቱ በቲማቲም ስጎ የተቀባ ትኩስ የሥጋ ፓይ ገዙልኝ። ምላሴን እያቃጠለኝ የሰፈራቸውን ቡድን ታሪክ ሰማሁ።

ፉትስክሬይ የሠራተኛ ሰፈር ነበር፤ ቡድኑ ቡልዶግስም የድሃ ቡድን። በ1989 የሊጉ አለቆች ዕዳው በዝቷል፣ ከሌላ ክለብ ጋር ይዋሃድና ስሙ ይቅር ብለው ወሰኑ። የሰፈሩ ሰው ግልብጥ ብሎ ሜዳው ላይ ወጣ። ቆርቆሮ እያንኳኩ በየደጁ ለመኑ። ጋሼ ያኔ ጎልማሳ ናቸው፤ ወደብ ላይ በምሳ ሰዓት ቆርቆሮ ይዘው ዞረዋል። ክለቡ ተረፈ። ዋንጫ ያነሳው አንዴ፣ በ1954 ነበር፤ ሁለተኛውን ለማየት እስከ 2016 ጠበቁ፣ 62 ዓመት። ያን ዕለት አሠልጣኙ ሉክ ቤቨሪጅ ሜዳሊያውን ከአንገቱ አውልቆ፣ ጉልበቱ ተጎድቶ መጫወት ላልቻለው አምበል ለቦብ መርፊ አጠለቀለት። ጋሼ ይህን ሲያወሩ ፓዩን አስቀመጡት።

እንግዲህ ስለ ጨዋታው የወደፊት ዕጣ የጠየቅኳቸው እዚህ ላይ ነው። ብሶታቸው ብዙ ነው።

የመጀመሪያው ኳሷ ናት። ከመቶ ዓመት በላይ ጨዋታው የሚጀመረው ዳኛው ኳሷን መሃል ሜዳ ላይ በኃይል መሬት አንጥሮ ወደ ሰማይ ሲልካት ነበር። ከ2026 ጀምሮ ይህ ቀርቷል፤ ዳኛው አሁን ወደ ላይ ይወረውራታል። አንጥሮ ቀጥ አድርጎ ማስነሳት ከባድ ነው፣ ለዳኝነት የሚሆን ሰው ያሳጣናል ተባለ። «ልክ ናቸው» አሉ ጋሼ፤ «ግን ልክ መሆናቸው አያጽናናኝም።»

ሁለተኛው ጭንቅላት ነው። ፖሊ ፋርመር የሚባል ገናና ተጫዋች ነበር፤ በቡጢ ማቀበልን የማጥቂያ መሣሪያ ያደረገ ይሉታል። ከሞተ በኋላ አንጎሉ ሲመረመር፣ ጭንቅላት በተደጋጋሚ ሲመታ የሚመጣው በሽታ ተገኘበት። በዚህ ጨዋታ በሽታው የታወቀበት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። በኋላ ሄዘር አንደርሰን በምትባል ሴት ተጫዋችም ተገኘ። ዛሬ ጭንቅላቱ የተናጋ ተጫዋች ቢያንስ 12 ቀን ሜዳ አይገባም፤ ጭንቅላት የመታም በብዙ ጨዋታ ይቀጣል። «ለስላሳ ሆኗል የሚሉ አሉ። እኔ ግን የድሮ ጀግኖቼ የልጆቻቸውን ስም ሲረሱ አይቻለሁ» አሉኝ።

ሦስተኛው መስፋፋቱ ነው። የዛሬው ሊግ በአብዛኛው የሜልበርን ሰፈሮች ሊግ ነበር። በ1982 አንዱ ክለብ ጓዙን ጠቅልሎ ሲድኒ ገባ፤ በ1990 ሊጉ የአውስትራሊያ ተባለ፤ ቆይቶም ጎልድ ኮስትና ምዕራብ ሲድኒ ላይ አዳዲስ ክለቦች ተተከሉ፣ 18 ሞላ። በሰሜንና በምሥራቅ ያለው ሕዝብ ግን ልቡ ራግቢ ላይ ነው። ሁለቱን አገር የሚለየውን መስመር ምሁሩ ኢያን ተርነር በአንድ ታዋቂ ተጫዋች ስም የባራሲ መስመር ብሎ ሰይሞታል። ከዚያ መስመር ማዶ ያለው ብሪዝበን በ2024ም በ2025ም ዋንጫውን ወሰደ። ጋሼ ይህን እንደ ሌብነት ነው የሚያወሩት፤ ልጁ ደግሞ እየሳቀ ያናድዳቸዋል። ይህን ጨዋታ ከጥንት ጀምሮ የምትወደው ታዝማኒያ ደሴት በበኩሏ የራሷን ክለብ ያገኘችው አሁን ነው፤ ሊጉን የምትቀላቀለው በ2028 ነው። ለዚያውም አዲስ ስታዲየም ካልሠራሽ ተብላ፣ ሕዝቧ በገንዘቡ ለሁለት ተከፍሎ እየተነታረከ።

ያስደሰታቸውን ስጠይቅ ሴቶቹን ነገሩኝ። የሴቶቹ ሊግ በ2017 ሲጀመር የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ 24,568 ሰው ገብቶ በሩ ተዘጋ፤ ውጭ የቀረው ብዙ ነው። «ማን ያየዋል ብዬ ስቄ ነበር» አሉ። «ውጭ ከቀሩት አንዱ እኔ ነበርኩ። የልጅ ልጄ ይዛኝ ሄዳ።»

እኔ በልቤ የማሰላስለው ሌላ ነበር። እኛ አዲስ አበባ ውስጥ «የማን ደጋፊ ነህ?» ሲባል የሚጠበቀው መልስ አርሰናል ወይም ማንቸስተር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ዲኤስቲቪ ቤቱ ጢም ብሎ ይሞላል፤ የአገራችን ሊግ ሜዳ ላይ ግን የዳኛው ፉጨት ያስተጋባል። እነዚህ ደግሞ ከአገራቸው ውጭ እዚህ ግባ የሚባል ተጫዋች የሌለው ጨዋታ ይዘው ዓለም አላየንም ብለው አይከፉም። የሚፈሩት የራሳቸው ሰው እንዳይተወው ነው። ስለዚህ የሕግ ለውጡም፣ የኳስ ማንጠሩም፣ የስታዲየሙም ክርክር የቤተሰብ ጠብ ይመስላል፤ ማንም ትቶ አይሄድም።

ከጨዋታው በኋላ ቤት ገባን። ቡልዶግስ ተሸንፎ ጋሼ ዝም ብለዋል። የአክስቴ ልጅ ሽሮ አቀረበች። እሷ የራሷ ሥጋት አላት፤ ልጇ የሰፈሩ ሜዳ ላይ ከሕፃናቱ ጋር ይለማመዳል። አዳም ጉድስን አልረሳችም። የሊጉን የኮከብ ሽልማት ሁለት ጊዜ የወሰደ፣ በ2014 የዓመቱ አውስትራሊያዊ የተባለ አቦርጂናዊ ተጫዋች ነው። ዘረኝነትን ስለተቃወመ በየስታዲየሙ ሲጮኽበት ቆይቶ በ2015 ጨዋታ አቆመ። ሊጉና ክለቦቹ ይቅርታ የጠየቁት በ2019 ነው። «ይቅርታው ከሄደ በኋላ ምን ያደርግለታል?» አለችኝ ቡናውን እየቀዳች። ልጁ ግን የሚያየው ሌላውን ነው። ካርቱም የተወለደው ማጃክ ዳው በ2013 በር ከፍቷል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደው ቻንግኩዎት ጂያትም ለሃውቶርን ተጫውቷል። «እኛ አገር ነው የተወለደው!» ይለኛል፣ እሱ ራሱ አገሩን በፎቶ እንጂ ረግጦ ሳያውቃት።

ሁለተኛው ቡና ላይ ልጁ ጠየቀኝ፤ «የራሳችሁ ጨዋታ የላችሁም?»

«አለን። ገና ይባላል» አልኩት። ቆልመም ያለ ዱላ፣ ከእንጨት የተጠረበች ሩር፣ በልደት ቀን ጌታና ሎሌ ሳይለይ ሜዳ ላይ መተራመስ። በዚያ ቀን ጌታም ቢሆን ቢመቱት እንደማይቆጣ ነገርኩት። ዓይኑ በራ። ለጋሼ ይተረጉምላቸው ጀመር።

«በአንድ ወገን ስንት ሰው ነው?» አሉኝ ጋሼ።

«የመጣው ሁሉ።»

«ሜዳው ስንት ሜትር ነው?»

«ሜዳው እስካለቀ ድረስ።»

«በስንት ሰዓት ያልቃል?»

«ሲመሽ።»

ጋሼ ሳቁ፤ ከጨዋታው ወዲህ የመጀመሪያ ሳቃቸው ነበር። «ይሄ እኮ የቶም ዊልስ ነው» አሉ። «አርባ ልጅ፣ ስምንት መቶ ሜትር። ሕጉን ማን ጻፈላችሁ?»

መልስ አልነበረኝም። በየሰፈሩ እንደሚለያይ፣ ሽማግሌዎቹ እንደሚያውቁት፣ በዓመት አንዴ እንደምናወጣው ነገርኳቸው። ስናገር የራሴ ጆሮ አልወደደውም። ልጁ ደብተሩን አምጥቶ እርሳሱን አሾለና ንገረኝ አለኝ፤ አንድ፣ ሁለት እያለ ይጽፋል። ስንት ሰው፣ ዱላው ስንት ክንድ፣ ሩሯ ከምን እንጨት ነው። ካገባ ምን ያገኛል።

«ለሳተስ?» አለኝ።

«ለሳተማ ምንም የለውም።»

እርሳሱን አቁሞ እናቱን ተመለከተ፣ ከዚያ ጋሼን። «አንድ እንስጠው» አለና ሳይጠይቀኝ ጻፈው።