ለቅሶ የሌለበት ፍቅር

ባለፈው መስቀል እምድብር፣ እናቴ ቤት፣ ክትፎው ተበልቶ ከተነሣ በኋላ የወንድሜ ልጅ ከአዲስ አበባ ያመጣትን ላፕቶፕ ከፍቶ «ስለ አገራችን ነው፤ ፍቅርም አለበት» አለን። እኛም ተጠጋግተን ተቀመጥን። አክስቴ ከሁላችን ፊት ነበረች።

ፊልሙ «ቴምፖ ዲ ኡቺዴሬ»፣ ማለትም «የመግደል ጊዜ» ነው። ጣሊያናዊው ጁሊያኖ ሞንታልዶ በ1989 እ.ኤ.አ. ከኤኒዮ ፍላያኖ ልብ ወለድ የሠራው ነው። ልብ ወለዱ በ1947 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የስትሬጋ ሽልማት የተቀበለ ሲሆን፣ ደራሲውም በ1928 ዓ.ም. ወረራ ወታደር ሆኖ አገራችንን የረገጠ ሰው ነበር።

ኒኮላስ ኬጅ የሚጫወተው ሌተና ኤንሪኮ ጥርሱን ታምሞ ሐኪም ፍለጋ ብቻውን አቋራጭ ይይዛል። ውሃ ዳር ገላዋን የምትታጠብ ልጅ ያገኛል። ማርያም ትባላለች። በቋንቋ አይግባቡም። በጉልበት ይደርስባታል፤ ከዚያም ፊልሙ ይህን ፍቅር ነው ብለን እንድንቀበለው ይለማመጠናል። ሌሊት አውሬ መስሎት የተኮሰው ጥይት ድንጋይ ነጥሮ እርሷን ይመታታል። ሥቃይዋን ላሳጥር ብሎ ይጨርሳታል፤ አስከሬኗንም ሸሽጎ ይሄዳል።

ፊልሙ ገና ሳይጋመስ ልጅቱ የለችም! የቀረው ሁሉ የእርሱ ነው፤ የእርሱ ጸጸት፣ የእርሱ ቁስል፣ «የሥጋ ደዌ ተጋብቶብኝ ይሆን?» የሚል የእርሱ ፍርሃት። በርግጥ ፍላያኖ ያንን መኮንን ጀግና አድርጎ አልጻፈውም፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ነገር ግን ጥፋተኛው ስለ ጥፋቱ ሲያወራ የሚውልበት ታሪክም ቢሆን ያው የጥፋተኛው ታሪክ ነው። እኔ ማወቅ የፈለግሁት ያን ዕለት ማታ ማርያምን ቤቷ ማን እንደ ጠበቃት ነበር።

አክስቴ ግን ከእኔ ቀድማ ነገሩን አገኘችው። «ለቅሶ የለም እንዴ?» አለች። ማንም አልመለሰላትም። የወንድሜ ልጅ ሣቀ፤ እናቴ በዓይኗ ገሠጸችው።

አክስቴ አላገባችም። በ1977ቱ ድርቅ ማግስት የውሃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር የመጣ አንድ የውጭ አገር ሰው እንደነበር፣ ቆጮ በሚጥሚጣ መብላት እንደ ለመደ፣ ከጉራግኛም ጥቂት ቃላት እንደ ያዘ፣ ሲሄድም «እመለሳለሁ» እንዳለ ልጅ ሳለሁ ከጓዳ በሹክሹክታ ሰምቻለሁ። ፊት ለፊት ያወራው የለም። እርሱ ምናልባት አገሩ ሆኖ እዚህ ስላሳለፈው ወራት ለልጅ ልጆቹ በናፍቆት ያወጋ ይሆናል። በዚያ ወግ ውስጥ አክስቴ ስንት ደቂቃ እንደምትቆይ አላውቅም።

የመስቀል ሰሞን አልፎ ሥራ በገባሁ በሳምንቱ ነጠላዋን አጣፍታ ባንክ መጣች። ተራዋን ጠብቃ መስኮቴ ደረሰች። ገንዘብ ልታስገባ መስሎኝ ደብተሯን ጠየቅኋት። አልያዘችም።

«ልጄ፣» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከባሕር ማዶ ገንዘብ ሲመጣ የላኪው ስም ይታያችኋል?»

«ይታየናል፣ እቴቴ።»

«የቆየ ቢሆንም?»

ከኋላዋ ሰልፉ ረዝሞ ነበር። እስክሪብቶዬን አንሥቼ ስሙን እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። ነገረችኝ። ለአርባ ዓመት ያህል የያዘችውን ስም አንዲት ፊደል ሳታዛንፍ ነገረችኝ።