የአፍሪካ ሱፐር ካፕ በማን ሜዳ?

የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ሱፐር ካፕ የአፍሪካ ቻምፒዮንስ ሊግ አሸናፊና የኮንፌዴሬሽን ካፕ አሸናፊ የሚገናኙበት የአንድ ቀን ፍልሚያ ነው። የመልስ ጨዋታ የለውም። በሜዳው የተሸነፈ ቡድን ከሳምንት በኋላ የሚክስበት ዕድል አያገኝም፤ አቻ ከሆኑም ዋንጫው በመለያ ምት ይወሰናል። ስለዚህ ከአሰላለፉ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ፦ ጨዋታው የት ነው? የዋንጫውን ታሪክ ከመነሻው ለተከታተለ ሰው የከተማው ስም ብዙ ጊዜ ውጤቱን ይጠቁማል።

ውድድሩ ዘግይቶ የመጣ ነው። የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ (የኋላው ቻምፒዮንስ ሊግ) በ1964 ተጀመረ፤ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ በ1975 ተከተለ (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲያ ለአሥራ ስምንት ዓመታት አህጉሩ በየዓመቱ ሁለት ባለዋንጫ ክለቦች ሲኖሩት፣ ከሁለቱ ማን ይበልጣል የሚለውን የሚፈታ መደበኛ ጨዋታ ግን አልነበረም። አውሮፓ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሆላንዳዊው ጋዜጠኛ አንቶን ዊትካምፕ ሐሳብ የራሷን ሱፐር ካፕ ስትጀምር አፍሪካ ገና ነበረች። በአህጉሩ ጉዳዩ መልክ የያዘው በካሜሩናዊው ኢሳ ሃያቱ የካፍ ፕሬዚዳንትነት ዘመን፣ በ1993 ነው። ያኔ ካፍ በ1992 የጀመረው ሦስተኛ ውድድርም ነበረው፤ የካፍ ካፕ ይባላል። የእሱ አሸናፊ ለሱፐር ካፑ ሳይጋበዝ ኖሮ በ2004 ሁለቱ አነስተኛ ውድድሮች ተዋህደው ኮንፌዴሬሽን ካፕ ሆኑ። ከ2005 ጀምሮ የቻምፒዮንስ ሊጉን ባለድል የሚገጥመው የዚህ የተዋሃደ ውድድር አሸናፊ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት አዘጋጅ አገር አመራረጥ ወጥ አልነበረም። በ1993 የአፍሪካ ሻምፒዮኑ የሞሮኮው ዋይዳድ ነበር፤ ጨዋታው የተካሄደው ግን በተጋጣሚው በአፍሪካ ስፖርትስ ከተማ በአቢጃን ነው። ሁለት ለሁለት ተለያይተው ባለሜዳው በመለያ ምት አሸነፈ። በተከታዩ ዓመት የተፈጠረው ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። ሁለቱም ተፋላሚዎች የካይሮ ክለቦች፣ አል አህሊና ዛማሌክ ሆኑ፤ የተጋጠሙት ግን በአህጉሩ ሌላኛው ጫፍ በጆሃንስበርግ ነው። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ለአሥርት ዓመታት ከተገለለች በኋላ በ1992 ወደ ካፍ ተመልሳ ነበር። ጨዋታው የተደረገው በጥር 1994፣ አገሪቱ ሁሉም ዜጋ የመረጠበትን የመጀመሪያ ምርጫ ልታካሂድ ጥቂት ወራት ሲቀሯት ነው። ዛማሌክ በአይመን መንሱር ጎል አንድ ለዜሮ አሸንፎ ዋንጫውን ወደ ካይሮ ይዞ ተመለሰ። የዛማሌክ ደጋፊዎች ያንን ድል እስከ ዛሬ በተቀናቃኛቸው ፊት ያነሱታል።

ከዚያ በኋላ ልማዱ እየጠራ ሄደ፤ የቻምፒዮንስ ሊጉ አሸናፊ በአገሩ ያስተናግዳል። በአዲሱ አደረጃጀት ከ2005 እስከ 2018 የተካሄዱትን አሥራ አራት ጨዋታዎች ብቻ መመልከት ይበቃል። አሥራ ሦስቱ በቻምፒዮንስ ሊጉ ባለድል አገር የተደረጉ ናቸው፤ ከእነዚህ አሥራ ሁለቱን ባለሜዳው አሸንፏል። ሁልጊዜ በቀላሉ አልነበረም። ቲፒ ማዜምቤ በ2011 በሉቡምባሺ የሞሮኮውን ፉስ ራባትን የረታው ያለ ጎል ተለያይቶ በመለያ ምት 9 ለ 8 ነው፤ የአልጄሪያው ሴቲፍም በ2015 በብሊዳ አል አህሊን በመለያ ምት 6 ለ 5 አሸንፏል። ነገር ግን ጠባብም ቢሆን ድሉ የባለሜዳው ሆኖ ይቀራል። ልማዱን የሰበረው አንድ ክለብ ነው፦ የሞሮኮው ማግሬብ ፌዝ። በ2012 ቱኒዚያ ድረስ ተጉዞ፣ ራዴስ ላይ ኤስፔራንስን በደጋፊው ፊት በመለያ ምት ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። ከሱፐር ካፕ ታሪክ ትልቁ ድል የቱ ነው ቢባል ይህኛው ከብዙዎቹ ታዋቂ ምሽቶች ሊቀድም ይገባዋል።

ከአሥራ አራቱ የቀረው አንድ ጨዋታ አዲስ አበባ ላይ የተደረገው ነው። ካፍ በየካቲት 1957 ካርቱም ላይ ሲመሠረት ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች፤ ይድነቃቸው ተሰማም ከ1972 ጀምሮ በ1987 እስኪያርፉ ድረስ ድርጅቱን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ካፍ ሃምሳኛ ዓመቱን በያዘበት በ2007፣ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በጥር ወር አዲስ አበባ ተሰብስበው ዓመቱን የአፍሪካ እግር ኳስ ዓመት ብለው ሰየሙት። በየካቲት ደግሞ ሱፐር ካፑ አዲስ አበባ ስታዲየም ገባ። የተገናኙት አል አህሊና የቱኒዚያው ኤትዋል ዱ ሳህል ናቸው። አንዱ ከካይሮ፣ ሌላው ከባሕር ዳርቻዋ ሱስ የመጡት ሁለቱም እንግዶች ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሮጥ ነበረባቸው። ጎል አልተቆጠረም፤ አህሊ በመለያ ምት 5 ለ 4 አሸነፈ። በዚያው ዓመት ኅዳር ሁለቱ ክለቦች በቻምፒዮንስ ሊጉ ፍጻሜ ሲገናኙ ግን ኤትዋል ካይሮ ላይ 3 ለ 1 አሸንፎ ብድሩን መለሰ። ለኢትዮጵያ ክለቦች ይህ ጨዋታ የቅርብ ትዝብት እንጂ የተሳትፎ ታሪክ አይደለም፤ እስካሁን አንድም የኢትዮጵያ ክለብ ሱፐር ካፕ ላይ አልደረሰም።

በ2019 ሁሉም ነገር ተለወጠ። ጨዋታው ከአህጉሩ ወጥቶ ወደ ዶሃ ሄደ፤ በ2020 እና በ2021ም እዚያው ኳታር ቆየ። በኮሮና ምክንያት የውድድር ዘመኖቹ ስለተደራረቡ 2021 ሁለት ሱፐር ካፕ አስተናግዷል፤ አንዱ በግንቦት፣ ሌላው በታኅሣሥ። በ2022 ሁለቱም ተፋላሚዎች የሞሮኮ ስለነበሩ ራባት ላይ ተደረገ። በ2023 ወደ ሳዑዲ አረቢያዋ ጣኢፍ፣ በ2024 ወደ ሪያድ ዞረ።

ውጤቱም አብሮ ተገለበጠ። ከ2019 እስከ 2024 በተደረጉት ሰባት ጨዋታዎች የቻምፒዮንስ ሊጉ ባለድል ያሸነፈው ሁለቱን ብቻ ነው፤ ሁለቱም የአል አህሊ፣ ሁለቱም በ2021። በቀሩት አምስት ዋንጫውን ያነሳው የኮንፌዴሬሽን ካፑ አሸናፊ ነው። የሞሮኮው ራጃ በ2019፣ ዛማሌክ በ2020 በተከታታይ ኤስፔራንስን አሸነፉ። ቤርካን በ2022 ዋይዳድን 2 ለ 0 ረታ። የአልጄሪያው ዩ ኤስ ኤም አልጀር በ2023 አህሊን በፍጹም ቅጣት ምት በተገኘ አንድ ጎል ጣለ፤ በ2024 ደግሞ ዛማሌክ መጣ። በአሥራ አራት ጨዋታ አንዴ ብቻ የቀናው ወገን፣ ባለሜዳ በሌለበት በሰባት ጨዋታ አምስቴ ቀናው።

በእርግጥ ሜዳው ብቻውን ሁሉን አያስረዳም። ሰባት ጨዋታ ትንሽ ነው፤ ከአምስቱ ድሎች ሁለቱ የዛማሌክ፣ አንዱ የራጃ ናቸው። እነዚህ ደግሞ ቀድሞ የአህጉሩን ትልቅ ዋንጫ ደጋግመው ያነሱ ክለቦች ስለሆኑ በስም ብቻ ሁለተኛ የሚባሉ ናቸው። የኮንፌዴሬሽን ካፑ ራሱ በእነዚህ ዓመታት ከበድ ብሏል። ቢሆንም ያው ኤስፔራንስ ዶሃ ላይ ሳይሆን ራዴስ ላይ ቢጫወት ሁለት ጊዜ በተከታታይ እንዲህ ይሸነፍ ነበር ብሎ ማሰብ ይከብዳል። አውሮፓ ይህን ጥያቄ አስቀድማ ፈትታዋለች፤ እስከ 1997 በደርሶ መልስ ስታጫውት ቆይታ ከ1998 እስከ 2012 ጨዋታውን ለሁሉም እንግዳ በሆነችው ሞናኮ አደረገችው። ልዩነቱ ሞናኮ አውሮፓ ውስጥ ናት፤ ዶሃና ሪያድ ግን ከአፍሪካ ውጭ ናቸው።

ከአህጉሩ መውጣቱን ያለ ቁጣ ለመረዳት የተፋላሚዎቹን ዝርዝር ማየት ይጠቅማል። በ2018 ካዛብላንካ ላይ በዋይዳድ አንድ ለዜሮ ከተሸነፈው ከማዜምቤ ወዲህ አንድም ከሰሃራ በታች ያለ ክለብ ሱፐር ካፕ አልተጫወተም። ጨዋታው የግብፅ፣ የሞሮኮ፣ የቱኒዚያና የአልጄሪያ ጉዳይ ሆኗል፤ የእነዚህ አገሮች በርካታ ዜጎች ደግሞ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ይኖራሉ። በመስከረም 2024 አህሊና ዛማሌክ ሪያድ ላይ ሲገናኙ ነገሩ ወደ ባዕድ ሜዳ የወጣ የካይሮ ደርቢ ነበር። ዊሳም አቡ አሊ በፍጹም ቅጣት ምት አህሊን ቀዳሚ አደረገ፤ ናስር መንሲ አቻ አደረገ፤ ዛማሌክ በመለያ ምት 4 ለ 3 አሸነፈ። ከጆሃንስበርጉ ድል ሠላሳ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

በድምሩ አህሊ ስምንት፣ ዛማሌክ አምስት ዋንጫ አላቸው። ከዛማሌክ አምስት ሦስቱ፣ ከአህሊ ስምንት ሦስቱ ከግብፅ ውጭ የተገኙ ናቸው። የደቡቡ፣ ማለትም ከሰሃራ በታች ያሉት ክለቦች፣ መዝገብ ሌላ ነው። አፍሪካ ስፖርትስ፣ ኦርላንዶ ፓይሬትስ፣ አሴክ፣ ሃርትስ ኦፍ ኦክ፣ ሁለት ጊዜ ኢንዪምባ፣ ሦስት ጊዜ ማዜምቤ እና አንድ ጊዜ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ያነሷቸው አሥሩም ዋንጫዎች በገዛ አገራቸው የተገኙ ናቸው።

በ2025 ጨዋታው ወደ አህጉሩም ወደ ባለሜዳውም ተመለሰ። አዲሱ የአፍሪካ ሻምፒዮን ፒራሚድስ ቤርካንን ካይሮ ላይ አስተናግዶ አንድ ለዜሮ አሸነፈ። በዚያ ዓመት ደቡቡ ከመመለስ ብዙም አልራቀም ነበር፤ ፒራሚድስ በቻምፒዮንስ ሊጉ ፍጻሜ ሰንዳውንስን በድምር ውጤት 3 ለ 2፣ ቤርካን በኮንፌዴሬሽን ካፑ ፍጻሜ የታንዛኒያውን ሲምባን 3 ለ 1 አሸንፈው ነው ካይሮ ላይ የተገናኙት።