ከባቡሩ አጠገብ ያለው ቤት ስንት ነው?

ሰሞኑን ፌስቡክ እኔን ቤት ገዢ አድርጎ ቆጥሮኛል። «ከባቡር ጣቢያው 3 ደቂቃ»፣ «20 በመቶ ከፍለው የቤት ባለቤት ይሁኑ»፣ «ጥቂት ቤቶች ቀርተዋል»። አንዱን ስዘጋው ሌላው ይመጣል። ደመወዜን የምታውቁ ባልደረቦቼ አትሳቁ፤ ቤቱ ለኔ አይደለም።

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ሪያድ ሰው ቤት ስትሠራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው (ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው፣ ስሟን ግን አልጠራም)። እዚሁ ቢቸና ጂኦግራፊ አስተምሬያታለሁ። ባለፈው ግንቦት በኢሞ ድምፅ ላከችልኝ። «ቲቸር፣ አዲስ አበባ ቤት ልገዛ ነው። ደላላም ዘመድም አላምንም። እርስዎ አይተው ከነገሩኝ ይበቃኛል» አለችኝ። እውነቱን ልናገርና ከመኩራት ይልቅ ፈራሁ። የሰው ዘጠኝ ዓመት ኪስ ውስጥ ይዞ መዞር ቀላል አይደለም።

ትምህርት እንደተዘጋ ደጀን ወርጄ፣ ዓባይን ተሻግሬ ሄድኩ። ያረፍኩት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ ከሚኖር የአክስቴ ልጅ ዘንድ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ በደላላ ስልክ ስዞር ከረምኩ።

መጀመሪያ የገባኝ ነገር ይኼ ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ለአንድ ስቱዲዮ የጠሩልኝ ዋጋ ቱሉ ዲምቱ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ይገዛል፤ የመጋረጃና የምንጣፍም ይተርፈዋል። መሀል ከተማ አዲስ በሚሠሩት አፓርታማዎች ደግሞ አንድ ካሬ ሜትር ከመቶ ሺህ ብር በላይ ነው የሚሉኝ። እኔ እንግዲህ የእነማይ ልጅ ነኝ፣ ሁሉን ነገር በጤፍ ነው የምመዝነው። የአንድ ቃዳ መሬት የዓመት ምርት እንዳለ ቢሸጥ አንድ ካሬ አይሞላም። በሩን ከፍተህ ጫማህን የምታወልቅበት ቦታ ማለት ነው።

ደላላውን «ለምንድን ነው እንዲህ የሚወደደው?» ብለው «ወንድሜ፣ ባቡር አለው!» አለኝ። እሺ፣ ባቡሩን እንየው አልኩ።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ የጀመረው መስከረም 2008 ነው። ሁለት መስመር አለው። አንዱ ከአያት በመገናኛ፣ በስታዲየም፣ በሜክሲኮ አድርጎ ጦር ኃይሎች ይደርሳል። ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ ቃሊቲ ይወርዳል። ሁለቱ ተደምረው 34 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 39 ጣቢያ ናቸው። (አንዱ ጣቢያ «ጎጃም በረንዳ» ይባላል። ከአውቶቡስ ተራ አጠገብ፣ አባቶቻችን እህልና ቅቤ ይዘው የሚወርዱበት ሰፈር። ስሙን በጣቢያ ላይ ሳየው ዝም ብዬ ፈገግ አልኩ።) መጀመሪያ ላይ ታሪፉ ከ2 እስከ 6 ብር ነበር። 41 ባቡር ተገዝቶ ነበር፤ ከዚያ መለዋወጫ እየጠፋ ብዙዎቹ ቆሙ።

አሁን ካርታውን አምጡና ትልልቆቹን የኮንዶሚኒየም ሳይቶች አስቀምጡበት። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ጀሞ። አንዳቸውም ሐዲዱ ላይ አይደሉም። ሐዲዱ ከሚያልቅበት ወዲያ፣ ወይም ከነጭራሹ በማይሄድበት በኩል ናቸው። ሐዲዱ ሥር ያሉት እንደ ልደታና ሰንጋ ተራ ያሉት ናቸው። ልደታ የሚኖር ሰው ግን ባቡሩን ያን ያህል አይፈልገውም። ሜክሲኮ በእግሩ ይደርሳል፣ ታክሲው ደጁ ነው፣ አውቶቡሱም እንደዚያው። ባቡሩን አጥብቆ የሚፈልገው ኮዬ ፈጬ ያለው ሰው ነው፤ እሱ ዘንድ ደግሞ ሐዲድ የለም። ስለዚህ ልደታ ላይ የምትከፍለው የመሀል ከተማ ዋጋ ነው፤ ባቡሩ እዚያ ባያልፍም ያው ውድ ይሆን ነበር። ቃሊቲም ባቡር አለው እኮ! ቃሊቲ ስለ ባቡሩ ዋጋ የጨመረብኝ ደላላ ግን አላጋጠመኝም።

ሰኞ ጠዋት ከአክስቴ ልጅ ጋር አብሬ ወጣሁ፤ ሥራው ሜክሲኮ ነው። ከቤት የወጣነው 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ታክሲ ተሰለፍን። ቃሊቲ ወርደን ጣቢያው ላይ ሰዓቴን እያየሁ ቆምኩ፤ ባቡሩ በ22ኛው ደቂቃ መጣ። ሲመጣ ደግሞ ሰው በሰው ላይ ነው፣ አንድ እግሬን አስገብቼ ሌላውን ፍለጋ ሄድኩ። ሜክሲኮ ስንደርስ 2 ሰዓት ከሩብ ሆኗል። መመለሻውም እንዲሁ ነው። ልደታ ቢኖር በእግሩ 20 ደቂቃ ቢሆን ነው። ልዩነቱን በ26 የሥራ ቀን አባዙት፤ በወር ከ70 ሰዓት በላይ ይመጣል። እኔ በሳምንት ክፍል ውስጥ ገብቼ ከማስተምረው ሦስት እጥፍ ያልፋል። «ርካሽ» የሚባለው ቤት ቀሪ ሒሳቡን በየቀኑ የሚያስከፍለው እንደዚህ ነው።

ደግሞ ሌላ የከነከነኝ ነገር አለ። በ2005 ምዝገባው ሲከፈት ከ900 ሺህ በላይ ሰው ነበር የተመዘገበው። 10/90፣ 20/80፣ 40/60። ያኔ መንግሥት በካሬ የሚያስከፍለው ዋጋ ቦታ አይለይም ነበር። በ2009 የመጀመሪያው የ40/60 ዕጣ ሲወጣ 972 ቤቶች ነበሩ፤ ገሚሱ ሰንጋ ተራ፣ ገሚሱ ክራውን ሳይት። ሰንጋ ተራ ማለት ሜክሲኮ አፍንጫ ሥር ነው፤ ክራውን በደብረ ዘይት መንገድ ወደ ቃሊቲ ነው። የካሬው ዋጋ ግን ለሁለቱም አንድ፣ 5 ሺህ ብር ያልሞላ። እዚያ ውስጥ የገቡት ደግሞ መቶ በመቶ የከፈሉት ብቻ ነበሩ። ቦታውን የመረጠው ዕጣ ነው። አንዱ እጁን ሰድዶ ሰንጋ ተራን አወጣ፣ ሌላው ክራውንን። ልዩነቱ ብዙ ሚሊዮን መሆኑ የታየው በኋላ ገበያ ላይ ሲወጣ ነው። በዚያ ምዝገባ ያልነበረች፣ ያኔ ገና ደብተር ይዛ እኔ ፊት የተቀመጠች ልጅ፣ ዛሬ ያንን የዕጣ ትርፍ ከኪሷ ልትከፍል ነው። ባለዕድለኞቹ አላጠፉም፤ እኔም ቢወጣልኝ አልመልሰውም። ግን ሒሳቡ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው።

ወደ ማስታወቂያዎቹ ልመለስ። «ከጣቢያው 3 ደቂቃ» የተባለውን አንዱን ሄጄ አየሁት። ስሙን አልጠራም። ያለው ቆርቆሮ አጥርና የተቆፈረ ጉድጓድ ነው። ቢሮው ውስጥ ግን ሶፋው፣ ቡናው፣ ባለቀለም ሥዕሉ... ልጅቷ በጣም ትሁት ናት። «መቼ ያልቃል?» ስላት «በ36 ወር» አለችኝ። «ካላለቀስ?» ስላት ፈገግ አለች። ውሉን ተቀብዬ አነበብኩት። እሷ ክፍያ ብታዘገይ ምን እንደሚደርስባት በቁጥር ተዘርዝሯል፤ እነሱ ቢያዘገዩ የሚለው አንቀጽ ላይ ግን «የዕቃ ዋጋ ንረት» እና «ከአቅም በላይ» የሚሉ ሰፋፊ በሮች አሉ። የአክሰስ ሪል እስቴትን ገዢዎች ታሪክ የሰማ ሰው እንዲህ ያለ በር ሲያይ መጠንቀቅ አለበት። ሰው ቤት ውስጥ ሠርታ ያጠራቀመችውን ለጉድጓድ ክፈይ ብዬ አልመክርም። አልመከርኩምም።

እናቷ ደግሞ ሌላ ሐሳብ አላቸው። ለበዓል ገበያ መጥተው ሳገኛቸው «መምህር፣ እዚሁ ቢቸና ሰርቪስ ትሥራ በልልኝ፤ አዲስ አበባ ማን አላት?» አሉኝ። ለመከራከር ከበደኝ። ልጅቷ ግን ቁርጧን ነግራኛለች፤ ስትመለስ አዲስ አበባ ትንሽ ምግብ ቤት መክፈት ነው የምትፈልገው። እስክትመለስ ቤቱን ታከራየዋለች።

ስለዚህ የነገርኳት እንዲህ ነው። ያለቀ ቤት፣ ካርታ ያለው ይሁን። የባንክ ዕዳውና እግዱ ይጣራ፤ ኮንዶሚኒየም ከሆነ መሸጥ የተከለከለበት አምስት ዓመት ማለፉ ይረጋገጥ። ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርቦ እንጂ ደላላ ቤት አይፈረም። «ባቡር አጠገብ» ለሚል ቃል አንድ ብር አትጨምሪ። ከበርሽ እስከ ገበያው ስንት ቅያሪ እንዳለ ቁጠሪ፤ አንድ ቅያሪ ከሆነ ትንሽ ጨምሪ፣ ሦስት ከሆነ ባለ ሦስት መኝታም ቢሆን ተይው። ለማከራየትም በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ውሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲሆን ስለሚያዝ፣ በየስድስት ወሩ እጨምራለሁ ብለሽ አታስቢ።

በእኔ ሚዛን ትንሿ ቅርብ ቤት ከትልቋ ሩቅ ቤት ትበልጣለች። ልደታ አቅሟ አይደርስም። አያት መስመር ግን፣ ጣቢያውም ታክሲውም በእግር ከሚደረስበት፣ አንዲት ያለቀች ስቱዲዮ አይቻለሁ። አራተኛ ፎቅ ናት፣ ሊፍት የለም፣ ውኃ በፈረቃ ነው። ፎቶዋን ላክሁላት። ያለ ጥቂት ብድር አትገዛም።

እሷም እያሰበች ነው። ቶሎ እንድትወስን የሚያስጨንቃት ነገር አለ። ሐምሌ 2016 ምንዛሬው ሲለቀቅ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ፤ ሪያሏም አብሮ ከፍ አለ፣ ደስ ብሏት ነበር። ሻጮቹም ያንኑ ዜና ሰምተው ኖሮ ዋጋቸውን አብረው ከፍ አደረጉት።

እንግዲህ አዲስ አበባ ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ በተለይ አያት፣ ሲኤምሲና ሰሚት አካባቢ የምትኖሩ፣ አንድ ነገር እርዱኝ። ለስቱዲዮ ስንት ኪራይ እንደምትከፍሉ፣ ጠዋት ስንት ሰዓት ከቤት ወጥታችሁ ስንት ሰዓት ሥራ እንደምትደርሱ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ባቡሩን በእውነት የምትጠቀሙ ካላችሁ ደግሞ ስንት ደቂቃ እንደምትጠብቁ። እስከ መጪው አርብ ሰብስቤ እልክላታለሁ፤ አርብ እረፍቷ ነው፣ ያኔ ነው በእርጋታ የምታዳምጠው።